የሁሉም ማሳ፣ የማንም ያልሆነ ቦይ

ኦርቴንሲያ ኡቢሴ በሃያ አምስት ዓመቷ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ይህ ነበር፤ በገዛ ማሳዋ ላይ አንዲት አረም የማታስተርፍ ሴት የጋራው ማሳ ላይ ስትደርስ የመጨረሻውን ረድፍ ሳትነካ ትታ የምትሄደው ለምንድን ነው?

ሲሰሙት ትንሽ ችግር ይመስላል። ከሺምባኔ ኮረብታ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ግን ትንሽ አልነበረም። የሊምፖፖ ወንዝ ሞልቶ ቤቱን የወሰደበት ሰው ሁሉ ወደዚህ አሸዋማ ኮረብታ ወጥቶ በመስመር በመስመር ጎጆ ቀልሷል። አሸዋው ከካሳቫ በቀር የሚያበቅለው ነገር የለም። እህል የሚሆነው ታች፣ ወንዙ ዳር ባለው ጥቁር አፈር ላይ ብቻ ነው። ነጻነት ከመጣ ገና አራት ዓመቱ ነበርና መንግሥት ጥቁሩን አፈር በጋራ ታርሱታላችሁ አለ። ወንዶቹ አብዛኞቹ ጆሃንስበርግ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ስለነበሩ ማሳው የሴቶቹ ሆነ። በአሥራ ሁለት ቡድን ተከፈሉ። ከማሳው አጠገብ ደግሞ ትራክተር የሞላው የመንግሥት እርሻ ነበር፤ ከወረዳው የመጣው ቃልም ግልጽ ነበር። የሺምባኔ ማሳ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ካላፈራ ትራክተሮቹ ገብተው ያርሱታል፤ ሴቶቹ በአሸዋቸው ይኖራሉ።

ጥር ሲገባ በቆሎው ጉልበት ደረሰ። ያኔ ከኮረብታው ላይ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ጭረቶች ታዩ። እያንዳንዱ ቡድን ድርሻውን አርሞ አርሞ መጨረሻ ላይ አንድ ረድፍ ትቷል። በዚያች ረድፍ አረሙ አድጎ፣ አብቦ፣ ዘሩን በነፋስ ይበትናል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የታረመው ሁሉ ተመልሶ ይወረራል።

ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። መንደሩን እንዲያደራጅ ከከተማ የተላከው ካድሬ፣ ጓድ ክሪሶስቶሙ፣ «ግለኝነት ነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ሲሚንቶ በገዛ ትከሻው ተሸክሟል፣ ሴቶቹንም ዛፍ ሥር አስቀምጦ ፊደል አስቆጥሯል። ግን አንድ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ የሚያዝ ዓይነት ሰው ነበር። የኦርቴንሲያ አማት ደግሞ ነገሩ ፖለቲካ የለበትም ባይ ነበሩ። «ስንፍና ነው። የዛሬ ሴት ወገቧ የሸምበቆ ነው» ብለው ጨረሱት።

ኦርቴንሲያ ከአሥራ ሁለቱ ቡድኖች የአንዱ መሪ ነበረች፤ ሁለቱም መልስ አልተዋጠላትም። ያደረገችው ነገር ዛሬ ድረስ ይማርከኛል። ከመከራከር ይልቅ አንዲት ሴት መርጣ ሦስት ቀን ተከተለቻት። የመረጠቻት ኤቫሊና ቫሎይን ነው። በአራት ዓመት ትበልጣታለች፣ ምላሷ ስለታም ነው፣ በሥራ ግን የሚያማት የለም።

በመጀመሪያው ቀን ኤቫሊና ኮረብታው ላይ ያለችውን የራሷን የካሳቫ ማሳ አረመች። ከዳር እስከ ዳር አጸዳችው፤ አንድ ቅጠል አልቀራትም። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ደቦ ጠርታ ስለነበር እዚያ ሄደች። ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ነበረች፤ ሌሎቹን አስከትላ እየሳቀች አረመች፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም መኮትኮቻቸውን ጥለው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የጋራው ማሳ ላይ ወረደች። ዘፈን የለም። አረመች፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ደረሰች፣ መኮትኮቻዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተነሣች።

«ማማና ኤቫሊና፣ ይቺን ረድፍ ለምን ተውሻት?» አለቻት ኦርቴንሲያ በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

«የባለቤቷ ናታ።»

«ባለቤቷ ማን ነው?»

ኤቫሊና ትኩሳት የያዘው ሰው እንደሚታይ አየቻት። «እኔ ምን አውቄ? የቡድን መሪዋ አንቺ አይደለሽ? ጠይቂልኝ።»

ነገሩ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ ቀስ ብለን እንየው። እዚህ አገር በደቦ የተጠራ እንግዳ የሰውን ማሳ አይጨርስም። የመጨረሻዋ ረድፍ የደቦ ጠሪዋ ናት። እንግዶቹ ሲቀመጡ እሷ ብቻዋን ታርማታለች፤ እነሱ እየጠጡ «ወገብሽን ቀና አድርጊ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ማሳው የእሷ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። የሰውን ማሳ እስከ ዳር ማጽዳት የሚደረገው ባለቤቱ የሞተ እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚያ አሥራ ሁለት አረንጓዴ ጭረቶች ስንፍናም ግለኝነትም አልነበሩም፤ ጨዋነት ነበሩ። አንድ መንደር ሙሉ ሴት ለሌለች ባለቤት ረድፍ እየተወ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ኦርቴንሲያ ይህን ስትረዳ ሳቀች፤ ቀጥላም ጨነቃት። «ማሳው የሁላችን ነው» የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ ይደግመዋል። ሥራ ላይ ሲወርድ ግን የሚጠራ አፍ፣ «እገሊት መጣች፣ እገሊት ቀረች» የሚል ዓይን፣ መጨረሻ ላይ የሚያመሰግን ሰው ይጎድለዋል። ሴቶቹ አብሮ መሥራት አልጠሉም፤ የሚሠሩለት ሰው ነው ያጡት።

መፍትሔዋ አጭር ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ቡድኗን ሰብስባ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ድርሻችን በየሳምንቱ ደቦ ጠሪ ይኖረዋል» አለች። «ተራዋ የደረሰ ሴት ጠዋት በየደጁ ዞራ ትጠራለች፤ የመጨረሻዋን ረድፍ እሷ ታርማለች፤ ማታ ገብታ ታመሰግናለች።»

«በምን ትጠራለች? በባዶ ሆድ?» አለች አንዷ።

«ማሩላው እየረገፈ አይደል? ኡካኒ ትጠምቃ።»

ኡካኒ ከማሩላ ፍሬ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። እዚህ አገር ይጠጣል፣ ይሰጣል፣ ለሙታን መሬት ላይ ይደፋል እንጂ አይሸጥም። ማሩላው በየግቢው ነበረና ማንም አልተቸገረም። በመጀመሪያው ሳምንት በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ጠሩ። በሁለተኛው ሳምንት ዘፈኑ ተመለሰ። ወሩ ሳያልቅ የኦርቴንሲያ ቡድን ጭረት ጠፋ፤ አምስት ሌሎች ቡድኖች ምንም ሳይነገራቸው ተከተሉ።

አሁን ታሪኩን ላቁምና ለኦርቴንሲያ ያ ማሳ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ቀጥሎ ያደረገችው አይገባም። ከማሳው በፊት «የአልፌውስ ሚስት» ነበረች። አልፌውስ በዓመት አንድ ጊዜ ከማዕድን ጉድጓድ ይመጣል፤ የቀረውን አሥራ አንድ ወር አማቷ የት እንደምታርስ፣ መቼ እንደምትነሣ፣ ምን እንደምትዘራ ይወስኑላታል። የጋራው ማሳ ሲመጣ ክሪሶስቶሙ ዛፉ ሥር ቆሞ ወረቀት አውጥቶ «ጓድ ኦርቴንሲያ ኡቢሴ» ብሎ ጠራ። ኡቢሴ የአባቷ ስም ነው። በሕዝብ ፊት በስሟ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበርና «ማን ናት እሷ?» አሉ። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ሁላችሁም አንድ ናችሁ የሚለው ትምህርት ለእሷ ያመጣላት ነገር ለብቻዋ ሰው መሆንን ነው። ለማንም ቢሆን ልትመልሰው የማትፈልገው ነገር ነበር።

ከክፍለ ሀገር እንግዶች የመጡት በኤቫሊና ሳምንት ነው። ክሪሶስቶሙ በኩራት መራቸው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ላቧን ወገቧ ላይ ባሸረጠችው ካፑላና ጫፍ የምትጠርገውን ሴት ጠየቃት።

«እንዲህ ያማረው የማን ማሳ ነው?»

«የኔ ነው» አለች ኤቫሊና።

«ያንቺ?»

«የኔ ነዋ። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የሷ ነው» ብላ አንዷን በአገጯ ጠቆመች።

ሴቶቹ ሳቁ። እንግዶቹ አልሳቁም። ክሪሶስቶሙ መሬት መሬት አየ።

በቅዳሜው መንደሩ ሁሉ ዛፉ ሥር ተሰበሰበና ኤቫሊና ቆማ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተባለች። የሕዝብን ማሳ የግል ማድረግ፣ በመጠጥ መቀስቀስ፣ የድሮውን ኋላ ቀር ልማድ መመለስ። ክሪሶስቶሙ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገው።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

ኤቫሊና ኦርቴንሲያን አየቻት። ኦርቴንሲያ እግሮቿን አየች። ብትናገር የቡድን መሪነቷ ይቀራል። እሱ ከቀረ ወደ አማቷ ግቢ፣ ወደ «የአልፌውስ ሚስት» ትመለሳለች። ይህን ሁሉ ያሰበችው አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

«ማንም አላስተማረኝ። ከራሴ ነው» አለች ኤቫሊና።

ሦስት ቅዳሜ ሕዝብ ፊት አቆሟት። ደቦ መጥራት ተከለከለ። ጭረቶቹ በዚያው ዓመት ተመለሱ፤ በሁለተኛው ዓመት ባሱ፤ በሦስተኛው ትራክተሮቹ ገቡ።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ፤ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። መንደሩ ተበተነ። አልፌውስ ሳንባው በማዕድን አቧራ ተበልቶ ከተማ ዳር ሞተ። ሰላም ሲሆን ሴቶቹ ተመለሱ። በመንግሥት እርሻው ትራክተሮች ሞተር መሃል ቁጥቋጦ በቅሎ ነበር፤ ይህ መሬት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። እያንዳንዷ በጉልበቷ ልክ ቆፈረች። እንደገና ጎርፍ መጥቶ ድንበሩን አጠፋው፤ እንደገና ቆፈሩ። በመጨረሻ አንድ ፕሮጀክት መጣና ማኅበር አቋቋመላቸው። ቦይ ተቆፈረ፤ ጥቁሩ አፈር ለስልሳ ሁለት ሴቶች ተሸነሸነ፤ ለእያንዳንዷ በስሟ ወረቀት ተሰጣት።

ያኔ የመጣው አሠልጣኝ ወጣት ነበር፤ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ «ከእንግዲህ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ድርጅት ናችሁ» አላቸው።

«ጎሽ» አለች ኤቫሊና ከኋላ። «ድሮ የሕዝብ ልጅ ነሽ አሉኝ፤ አሁን ሱቅ ነሽ አሉኝ። የእናቴ ልጅ መሆኔን የሚያስታውስልኝ ጠፋ።»

ሳቁ፣ ግን በወረቀቱ አልቀለዱም። የኦርቴንሲያ ልጅ ኒልዛ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። የኒልዛ ባል ጆሃንስበርግ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ወንድሞቹ መጥተው ግቢውን፣ አልጋውን፣ ብረት ድስቱን ሳይቀር የወንድማችን ነው ብለው ወሰዱ። ወደ ማሳውም ወረዱ። ኒልዛ ወረቀቷን ዘርግታ አሳየቻቸው። ቁጥር ሃምሳ ሰባት፣ ኒልዛ ብሎ ይጀምራል፤ የእገሌ ሚስት የሚል ቃል የለበትም። ተመለሱ። ሁለት ልጆቿን ይዛ ሺምባኔ የቀረችው በዚያ ወረቀት ነው። እንግዲህ ይኸው፤ እናትየዋን ለብቻዋ ሰው ያደረጋት የጋራው ማሳ ነበር፤ ልጅቷን ከመንደሯ ጋር ያቆያት የግል ወረቀት ሆነ። ትምህርቶቹ በአፍ ከሚሉት ጋር አይገጥምም፤ የሆነው ግን ይህ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ችግር ደረስን። ቦዩ በስልሳ ሁለቱ ማሳ ጎን ያልፋል። እያንዳንዷ ሴት በራሷ ማሳ ልክ ያለውን ቦይ እንደ ሳህን ታጸዳዋለች። ከመጨረሻው ማሳ ውሃው ወደ ወንዙ እስከሚወጣበት የብረት በር ግን ሦስት መቶ አሥር እርምጃ አለ፤ እዚያ የማንም ማሳ የለም። ሸምበቆ ወጣበት፣ ደለል ሞላው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል። የታችኞቹ አሥራ ዘጠኝ ማሳዎች፣ የኒልዛም ጭምር፣ ሁለት ዓመት ተከታትለው ሰጠሙ። በቆሎው ሥሩ በሰበሰ። የመስኖ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ በሦስተኛው ዓመት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለእርሻ ያልተዘጋጀ መሬት ሊያለማው ለሚችል ይተላለፋል። አንድ የሩዝ ኩባንያ የላካቸው ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው ሲለኩ ታይተዋል።

የኦርቴንሲያ ማሳ ቁጥር አራት ነው፤ ላይኛው ጫፍ፣ ደረቅ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ቁጭ ብላ ለውዟን ብትፈለፍል የሚወቅሳት የለም። መቀመጥ ግን አልሆነላትም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ቦዩን ዳር ለዳር ትወርዳለች፣ ትመለሳለች፣ ምሳ ላይ ገንፎዋን በቁሟ ትበላና ደግማ ትወርዳለች።

መጀመሪያ የሞከረችው የምታውቀውን ነው። ለቦዩ ደቦ ጠራች። ዘጠኝ ሴቶች መጡ፤ ሰባቱ ከታችኞቹ ማሳዎች ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት አራት።

«እማዬ፣ ያንቺ ደቦ የሚሠራው ሁሉም እኩል ደሃ ሲሆን ነው» አለች ኒልዛ።

«እኔ ደሃ አይደለሁም?»

«ሁሉም ነው ያልኩት። ላይ ያሉት ጎመን ለከተማ እየጫኑ ነው። ቀን የላቸውም።»

«ጉልበት አላቸው።»

«ጉልበት ቀን ካልሰጡት ምን ያደርጋል? ደግሞ ጭቃ ጠሪ መሆን ማን ይፈልጋል? በቆሎ ሲሆን ማሳዬ ነው ትያለሽ። ጭቃዬ ነው ይባላል?»

ኦርቴንሲያ አልተቆጣችም። ኒልዛ እውነቷን ነው። የድሮው መድኃኒት የድሮውን በሽታ ነበር የሚያድነው። ያኔ የጎደለው ባለቤት ነበር፤ ዛሬ ስልሳ ሁለት ባለቤት አለ፤ ችግሩ ያለው ከሁሉም ድንበር ውጭ በተረፈው ላይ ነው። ኒልዛም የራሷን ሞከረች፤ አዋጥተን ቆፋሪ ማሽን እንከራይ አለች። ላይኞቹ፣ «ውሃው እኛን መች ነካን?» ብለው ዘጉት።

ኦርቴንሲያ ገመድ ይዛ ወረደች። ሦስት መቶ አሥሩን እርምጃ ለካች፣ ለስልሳ ሁለት አካፈለች፣ አምስት አምስት እርምጃ ደረሰ። አምስት እርምጃ አንዲት ሴት በአንድ ጠዋት የምትጨርሰው ነው፤ ቀን የሌላትም ሴት ጠዋት አታጣም። ከዚያ ስልሳ ሁለት ችካል አስጠረበች።

«ቁጥር ልጻፍበት?» አለች ኒልዛ ቀለም ይዛ።

«ስም ጻፊ። ቁጥር አያፍርም።»

ቀጥሎ ማን የትኛው ይድረሳት የሚለው መጣ። ኒልዛ የታችኞቹ ማሳዎች ባለቤቶች ወደ ወንዙ ይሁኑ፣ ለእነሱ ይቀርባል አለች። ኦርቴንሲያ ገለበጠችው። ቁጥር አንድ ማሳ ያላት ሴት አምስት እርምጃዋ ወንዙ በር ላይ ሆነ። እዚያ ለመድረስ የሰጠሙትን አሥራ ዘጠኝ ማሳዎች አንድ በአንድ፣ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ እየገባ፣ ማለፍ አለባት።

«ይሄማ ተንኮል ነው» አለች ኒልዛ እየሳቀች።

«ተንኮል አይደለም፤ መንገድ ነው።»

የዚህ ሐሳብ ብልሃቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አምስቱ እርምጃ የራሷ ናቸው፤ ስሟ አለበት፤ ማንም አይነካባትም፤ ወረቀቷን የምትወድ ሴት ይህ ይገባታል። ግን ብቻውን ለምንም አይጠቅምም። ከጎኗ ያለው አምስት እርምጃ ከተደፈነ የእሷም ድካም ገንዳ ሆኖ ይቀራል። የራሷ የሆነው ነገር ራሱ የጎረቤቷን ስም እንድታነብ ያስገድዳታል።

ችካሎቹ ሲታደሉ ኤቫሊና አልወስድም አለች። ማሳዋ ቁጥር ሠላሳ ነው፤ ድርሻዋ መሃል ላይ ወደቀ።

«ማማና ኤቫሊና፣ አምስት እርምጃ ነው እኮ። ጉልበት ካጣሽ ልጆችሽ ይቆፍሩት።»

«ጉልበት መች አነሰኝ?»

«ታዲያ ምን?»

«ባለፈው ባንቺ ብልሃት ማሳ የኔ ነው ብዬ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ቆምኩ። አንቺ የእግር ጣቶችሽን ትቆጥሪ ነበር፤ አሥር ሆኑልሽ?»

ኤቫሊና ማገዶዋን መደርደሯን ቀጠለች። አርባ ዓመት ያህል አብረው ኖረዋል፣ ልጅ ወልደዋል፣ ባል ቀብረዋል፤ ይህ ነገር አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ኦርቴንሲያ ተነሣች። ግማሾቹ ሴቶች ያኔ አልተወለዱም። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሥራ ሁለቱን ጭረቶች፣ ደቦውን፣ መነጽር ያደረገውን ሰው። ከዚያ፣ «ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስጠየቅ ዝም አልኩ። ስሜን እንዳላጣ ብዬ የሷን ስም አስጠፋሁ። ዛሬ ስማችሁን ጭቃ ላይ ትከሉ የምላችሁ ይህን ያደረግኩ ሰው ነኝ። አውቃችሁ ትከሉ።»

ሁሉም ወደ ኤቫሊና ዞሩ። እሷ ራሷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ አስተካከለች።

«ድንጋይ ነው እንዴ የቀቀልሽው?» አለች። «አርባ ዓመት የሚፈጅ ምን ወጥ ነው?»

ሳቁ። ኤቫሊና ግን አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ችካሏን ተቀበለች፣ ካፑላናዋ ውስጥ ሻጠችው፣ ሄደች። ልትተክለው ይሁን ልታነድደው አልተናገረችም።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ሃምሳ አንድ ችካል ተተክሏል፤ አርባ አራቱ ጋ ተቆፍሯል። አዲስ ችግርም ተወልዷል፤ አንዷ ያወጣችውን ጭቃ ጎረቤቷ ድርሻ ላይ ትከምረዋለች። ኦርቴንሲያ ከመሃል ገብታ ጭቃ ሁሉ ወደ ፀሐይ መውጫ ዳር ይሁን ብላ ደነገገች፤ ያ ዳር ደግሞ እየተናደ ተመልሶ ይገባል። ሸምበቆውን ጎንጉና ዳሩን ለመገደብ ሞክራለች፤ እስካሁን በሦስት ቦታ ይዟል፣ በሁለት ቦታ ሸሽቷል። ከወንዙ ማዶ ደመና እየከበደ ነው።

የኤቫሊና አምስት እርምጃ አልተነካም። ከላይ በተቆፈረው የሚወርደው ውሃ ሁሉ እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ኒልዛ በአንድ ጠዋት እኔ እጨርሰዋለሁ ብላ ለምና ነበር፤ ላይኞቹም ይኸው እንግዲህ እያሉ ነው። ኦርቴንሲያ አልፈቀደችም። «እንዲህ ከጀመርን ነገ ሌላዋም ኒልዛ አለች ብላ ትተኛለች» አለች። ይልቅ በየጠዋቱ ኤቫሊና ግቢ ትሄዳለች። ስለ ቦይ አታነሣም። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ልጅ ልጆች ያወራሉ።

ትናንት ኤቫሊና ራሷ አነሣችው።

«ስንት ቀን ቀረ አልሽ?»

«አላልኩም። አሥራ ሦስት ነው።»

«ዶማዬ እኮ እጀታው ተሰብሯል።»

«የኔን ውሰጂዋ።»

«በሰው ዶማ ቆፍሬ አላውቅም» አለች ኤቫሊና። «ያውም ባንቺ።»

የሺምባኔ እጀታ ጠራቢ ወንዶች ወይ ሞተዋል ወይ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ኦርቴንሲያ በዕድሜዋ እጀታ ጠርባ አታውቅም። ትናንት ከሰዓት ጠንካራ እንጨት ቆርጣ ሞከረች፤ ተቀብላ ያመጣችውን የኤቫሊናን ዶማ ልታስገባበት ስትመታው ለሁለት ተሰነጠቀ። አሁን ሁለተኛው እንጨት ላይ ናት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በእግሮቿ መሃል አጥብቃ ይዛዋለች፤ እየፋቀች ታያለች፣ ታዞረዋለች፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ትለካለች፣ ደግሞ ትፍቃለች። ኒልዛ ቀስ በይ፣ አትቸኩይ ትላታለች። ኦርቴንሲያ ቀና ብላ ደመናውን ታይና ወደ እንጨቷ ትመለሳለች።